ለአዲስ ሱቃችሁ ስም ስታወጡ፦ ታፔላ ከማስጻፋችሁ በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

ብዙ ሰው ለሱቁ ስም የሚያወጣው ንግድ ጽሕፈት ቤት ወረፋ ላይ ቆሞ ነው። ቤቱ ተከራይቷል፣ መደርደሪያው ተሠርቷል፣ ዕቃው ታዟል። ስሙ ግን ባለሙያዋ "የንግድ ስሙ ማን ይባል?" ብላ እስክትጠይቅ ድረስ አልታሰበበትም። ያኔ የመጀመሪያ ልጅ ስም ይመጣል። እሱ ከተያዘ "ወሎ" ይታከልበታል። ካልሆነም አጠገብ የቆመው ሰው ያቀበለው ቃል ይጻፋል።

ያ ስም ግን ፈቃዱ ላይ፣ ማኅተሙ ላይ፣ ደረሰኙ ላይ፣ ባንክ ደብተሩ ላይ ይገባል። በኋላ ልቀይር ቢሉ ቢሮዎቹን አንድ በአንድ እንደገና መዞር ነው። ቀድሞ አንድ ሳምንት መስጠት ከዚህ ሁሉ ድካም ያድናል።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ያዙልኝ። ስሙን የምታወጡት እናንተ ናችሁ፤ የሚጠራው ግን ሌላ ሰው ነው። ደንበኛ ለጎረቤቷ ትናገረዋለች፣ የባጃጅ ሹፌር አቅጣጫ ይጠቁምበታል፣ ከወረ ኢሉ የመጣ ነጋዴ በስልክ ይጠይቅበታል። ስለዚህ ከታች ያለው ሥራ ሁሉ ስሙን በሰው አፍ ለመፈተን ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ደሴ ቧንቧ ውኃ አካባቢ ባልትና ልትከፍት ያሰበች እህት አለች እንበል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ትሸጣለች።

1. መጀመሪያ ሥራውን ጻፉ

ስም ከመፈለጋችሁ በፊት ደብተር አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ። ምን እሸጣለሁ? ለማን? ሥራው ቢያድግ ምን ልጨምር፣ የት ልሂድ?

ሦስተኛው ጥያቄ በጣም ይጠቅማል። እህታችን ዛሬ በርበሬ ብቻ ይዛ ብትጀምርና "በርበሬ ቤት" ብትለው፣ ነገ በሶና የልጆች ገንፎ እህል ስትጨምር ስሙ ይጠባታል። "ቧንቧ ውኃ ባልትና" ብትለውም ኪራይ ጨምሮባት ወደ ሆጤ ስትዛወር ሰው ግራ ይጋባል። ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ብትከፍትማ ጭራሽ። የሰፈር ስም የሚያዋጣው ቤቱ የራሳችሁ ከሆነና ከዚያ ሰፈር የማትወጡ ከሆነ ነው።

2. ስሞችን ሰብስቡ፤ ገና አትምረጡ

ሃያ፣ ሠላሳ ስም ጻፉ። ጥሩ መጥፎ ሳትሉ። ብቻችሁን ከሆናችሁ አምስት ላይ ትቆማላችሁ፤ ስለዚህ ቤተሰቡን ቡና ላይ ሰብስቡ። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ወረቀቱ ይሞላል። እንዲህ ከሚሰበሰቡት ውስጥ አንዳንዶቹን ዓይነቶች ለየብቻ ላንሳቸው።

የቦታ ስም። ወሎ በዚህ ሀብታም ናት። ጦሳ፣ ቦርከና፣ ላስታ፣ መቅደላ፣ ሐይቅ፣ ደላንታ። ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። የቦታ ስም ዕቃን ከፍ ያደርጋል። ከደላንታ ወገል ጤና የሚወጣው ኦፓል በዓለም ገበያ "የወሎ ኦፓል" ተብሎ ነው የሚታወቀው። ማር የሚሸጥ ሰውም "የአምባሰል" ካለ ሌላ ማስታወቂያ ብዙም አያስፈልገውም። ግን የቦታ ስም የሁሉም ነው። ጦሳ ካፌ፣ ጦሳ ፋርማሲ፣ ጦሳ ጋራዥ ባለበት ከተማ "ጦሳ ጋ ጠብቀኝ" ማለት ምንም አይነግርም። አምባሰል የሚለውም ቀድሞ የትልቅ ንግድ ድርጅት ስም ሆኗል። ቦታውን ምርቱ ላይ ጻፉት፤ የቤቱን ስም ከሌላ ፈልጉ።

የሰው ስም። የራስ ስም ጥሩ ነው፣ በተለይ ሰው የሚያምነው እናንተን ከሆነ። ልብስ ሰፊ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ፎቶ አንሺ፣ ጠበቃ በስማቸው ቢሠሩ ያምርባቸዋል። ነገር ግን ሥራውን አንድ ቀን ለሌላ መሸጥ ካሰባችሁ ስማችሁም አብሮ ይሄዳል።

ከባዱ የሽርክና ነገር ነው። አምስት ልጆች በማኅበር ተደራጅተው "እገሌ፣ እገሌና ጓደኞቻቸው" ተብለው ይመዘገባሉ። ሥራው ሲጀመር ያስደስታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ስሙ ታፔላው ላይ ያለው ልጅ ሲወጣ ግን ጭቅጭቅ ይነሳል። እሱ "ስሜን አውርዱ" ይላል፤ እነሱ "ደንበኛ የሚያውቀን በዚህ ነው" ይላሉ። ለምዝገባው የአባላት ስም ግድ ከሆነ እሱ መዝገቡ ላይ ይቀመጥ። ታፔላው ላይ የሚወጣው የንግድ ስም ግን የማንም ያልሆነ ይሁን። አንዱ አባል ሲወጣ ስሙ ከማን ጋር እንደሚቀር መተዳደሪያ ደንቡ ላይ በአንድ መስመር አስፍሩት። ያ አንድ መስመር ጓደኝነት ያተርፋል።

የሙገሳ ስም። ምርጥ፣ ልዩ፣ ጥራት፣ አንደኛ። እነዚህን ሁሉም ስለሚላቸው ማንም አይሰማቸውም። በሕግም በኩል ደካማ ናቸው፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

የውጭ ስም። "ስታይል"፣ "ግሎባል"፣ "ሮያል" የሚሉት ለወጣት ልብስና ለስልክ ዕቃ ሱቅ ሊሄዱ ይችላሉ። ለባልትና ግን አይሄዱም። ሽሮ የምትገዛ እናት የምትፈልገው የምታውቀውን እጅ ነው።

የሙያ ዕቃ ስም። እኔ በጣም የምወዳቸው እነዚህን ነው። ሙቀጫ፣ ሰፌድ፣ ምጣድ፣ አገልግል፣ ወንፊት። ሥራውን በዓይን ያሳያሉ፣ ሰው ያውቃቸዋል፣ ማንንም አያስቀይሙም። "መሶብ" ብቻ በየከተማው ስለበዛ ተዉት።

የጠባይ ስም። ቤቱ እንግዳን እንዴት እንደሚቀበል የሚናገር ስም ማለቴ ነው። ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ "አይጠየፍ" ይባላል። ደሃ ሀብታም ሳይል ሁሉንም ስለሚያበላ ነው የሚባለው። ለአንድ ቤት ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም። አምስት ፊደል ነው፣ ቤቱ ምን እንደሚሠራ ይናገራል፣ ዛሬም ሰው ይጠራዋል። እናንተ ያንን ስም ውሰዱ አይደለም የምለው። ቤታችሁ ለሚመጣው ሰው ቃል የሚገባው ነገር ካለ፣ እሱን በአንድ ቃል ለማለት ሞክሩ።

3. ማንን እንደሚያስገባ፣ ማንን እንደሚያስቀር እዩ

ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ውስጥ የሙስሊምና የክርስቲያን ስም ተቀላቅሎ ይገኛል። አባት ሰይድ፣ ልጅ ተስፋዬ ቢሆን ማንም አይደንቀውም። ንግዳችንም እንደዚያው ነው፤ ሁሉም ከሁሉም ይገዛል። የሱቅ ስም ይህን በር መዝጋት የለበትም።

ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት ግን ሌላ ነው። እዚያ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ሥጋው የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን ከሩቅ መለየት አለበት፤ ይህን ግልጽ ማድረግ ለሁለቱም ክብር ነው። ስሙ ካልተናገረ ታፔላው ይናገር። የግንባታ ዕቃ፣ ጫማ፣ ጽሕፈት መሣሪያ ወይም ባልትና የሚሸጥ ሰው ግን የሃይማኖት ስም ሲያወጣ ሳያስበው ግማሹን ደንበኛ "ይሄ የኔ ቤት ይሆን?" ያሰኘዋል። እምነታችሁ በሥራችሁ ሐቀኝነት ይታይ። የቅዱሳንን ወይም የፈጣሪን ስም መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ላይ መስቀልማ ጨርሶ ይቅር።

ቋንቋውንም አስቡ። ባቲ ሰኞ ገበያ ቢሄዱ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባው አንድ ላይ ነው የሚገበያየው። ከሚሴም ኦሮምኛ ዋና ቋንቋ ነው። በኦሮምኛ "ጸ" የሚባል ድምፅ የለም። በአፋርኛ ደግሞ እንደ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ያሉት የሉም። በገጠሩ አማርኛችን ራሱ ጸሐይ "ጠሐይ" ትባላለች። እና "ጽጌ ጥራጥሬ" የሚል ሱቅ ባቲ ላይ ብትከፍቱ ግማሹ ገበያተኛ ስማችሁን በምቾት አይጠራውም። ለዚያ ገበያ የምትሠሩ ከሆነ ለስላሳ ድምፅ ያላቸውን ስሞች ምረጡ። ኦሮምኛና አፋርኛ የሚችል ሰው ጠይቃችሁም ቃሉ ሌላ ትርጉም እንደሌለው አረጋግጡ።

4. በአፍ ፈትኑት

አሁን ሠላሳው ወደ አምስት ወርዷል። እነዚህን ይዛችሁ ውጡ።

በስልክ ፈትኑ። ኔትወርክ በማይረባበት ቦታ ላለ ዘመድ ደውሉና ስሙን አንዴ ብቻ በሉት። "ምን አልሽ?" ካለ ምልክት አድርጉበት። ሁለት ጊዜ ከጠየቀ ሰርዙት።

ባጃጅ ላይ ፈትኑ። "እገሌ ባልትና ጋ ውሰደኝ" በሉ። ገና ስላልተከፈተ አያውቀውም፤ ግን ስሙን ደግሞ ሲጠይቃችሁ እንዴት እንደሚለው ስሙ። ካሳጠረው ያሳጠረውን ጻፉት። ሰው ሁልጊዜ ያሳጥራል። "ሰፌድ የባልትና ውጤቶች ማዘጋጃና ማከፋፈያ" ፈቃዱ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ አፍ ላይ የሚቀረው "ሰፌድ" ነው። ያጠረው ስም ብቻውን የሚያምር መሆን አለበት።

አዛውንትና ልጅ ላይ ፈትኑ። ለእትዬ እገሊትና ሱቅ ለምትልኩት ልጅ ንገሯቸው። በማግሥቱ "ያ ስም ማን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ያላስታወሱት ስም ለደንበኛም አይያዝም።

በንባብ ፈትኑ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። "ገና" ብሎ ታፔላ የሰቀለ ሰው በዓሉን ማለቱ ይሆናል፤ አላፊው ግን "ገና ነው፣ አልተከፈተም" ብሎ ሊያነበው ይችላል። ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ለማያውቀው ሰው ስጡና ጮክ ብሎ ያንብበው። እናንተ አታንብቡለት።

በመጨረሻም በክፉ አፍ ፈትኑ። ሰፈር ቅጽል ማውጣት ያውቅበታል። ቤት የሚመታና የሚያዋርድ ቃል ካለ ልጆቹ በአንድ ቀን ያገኙታል። ቀድማችሁ እናንተ ፈልጉት።

5. በጽሑፍ ፈትኑት

ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ፣ ሠ። አ፣ ዐ። ጸ፣ ፀ። ሰው ስማችሁን ስልኩ ላይ ሲፈልግ የትኛውን እንደሚነካ አታውቁም። "ኀይለ" ብላችሁ የከፈታችሁትን ገጽ "ሃይለ" ብሎ የሚፈልግ ላያገኘው ይችላል። ከእነዚህ ፊደሎች ነፃ የሆነ ስም ካገኛችሁ ታደላችሁ። ካልሆነ አንዱን አጻጻፍ ምረጡና በየቦታው እሱኑ ብቻ ተጠቀሙ። ፈቃዱ ላይ በ"ሠ"፣ ታፔላው ላይ በ"ሰ" አይሁን። ባንክ ቤት እንደዚህ ያለ ልዩነት ሥራ ያስፈታል።

የላቲን አጻጻፉንም አሁኑኑ ወስኑ። ለሦስት ሰዎች ስሙን በላቲን እንዲጽፉት ስጧቸው። ሦስቱም የተለያየ ከጻፉ የቴሌግራም ገጻችሁን ማግኘት ያስቸግራል። ቴሌግራም ላይ የተጠቃሚ ስም ቢያንስ አምስት ፊደል ይፈልጋል፤ በአማርኛ ፊደል አይቀበልም። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ ላይ ስሙ ክፍት መሆኑን እዩና ባትጠቀሙበትም በዚያው ቀን ያዙት።

እህታችን እዚህ ስትደርስ ወረቀቷ ላይ የቀሩት "ሙቀጫ"፣ "ሰፌድ" እና "የእማዬ" ናቸው። "የእማዬ" ሰው ሁሉ ወደደው፤ ግን የሚመሳሰል ስም በየከተማው አለ። "ሙቀጫ" ጥሩ ነው፤ ባቲ ገበያ ላይ ግን ከበደ። "ሰፌድ" በስልክ ተሰማ፣ ባጃጁ በአንዴ ያዘው፣ ሦስቱም ሰዎች በላቲን አንድ ዓይነት ጻፉት። እህል የሚበጠርበት ዕቃ ስለሆነም "እዚህ የሚሸጠው የተለቀመ ነው" ይላል፤ እሷ ራሷ ሳትናገር።

6. የተያዘ መሆኑን አጣሩ

መጀመሪያ በእግር። ደሴ ረጅም ከተማ ናት። ዋናውን መንገድ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በሚኒባስ ሂዱና ታፔላዎቹን አንብቡ። ኮምቦልቻና ወልድያ የሚሄድ ሰው ካለም አደራ በሉት። ከዚያ ስልካችሁ ላይ ፈልጉ፣ ካርታው ላይም እዩ። ከዚያ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል፤ ለይታችሁ ያዙት። የንግድ ስም የሚመዘገበው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት፣ በንግድ ቢሮ በኩል ነው። ቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ የሆነ ወይም አሳሳች በሆነ መልኩ የሚመሳሰል ስም አይቀበሉም። የንግድ ምልክት ግን ሌላ ነው። እሱ ከረጢቱ ላይ፣ ጠርሙሱ ላይ የምታትሙት ስምና ዓርማ ነው። የሚመዘገበው አዲስ አበባ ባለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ጥበቃው ለ7 ዓመት ይቆያል፣ ይታደሳል። የንግድ ስማችሁን ስላስመዘገባችሁ ብቻ የንግድ ምልክት አላችሁ ማለት አይደለም።

ሁሉም ሰው ወዲያው የንግድ ምልክት ያስፈልገዋል አልልም። የሰፈር ፀጉር ቤት ቢቆይ ምንም አይሆንም። ዕቃውን አሽጎ ወደ ሌላ ከተማ የሚልክ ግን ቶሎ ይሂድ። በርበሬው ከተወደደ በሌላ ከተማ ስሙን ለጥፎ የሚሸጥ ሰው መምጣቱ አይቀርም። ከላይ "እመለስበታለሁ" ያልኩት የሙገሳ ስም ነገርም እዚህ ጋ ነው። የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ቃል በንግድ ምልክትነት አይመዘገብም። "ንጹሕ በርበሬ" ብላችሁ ሌላው ሰው ንጹሕ በርበሬ እንዳይል መከልከል አይቻልም። "ሰፌድ" ግን በርበሬም ሽሮም አይደለም፤ ስለዚህ የተሻለ ዕድል አለው።

ስትሄዱ ሦስት ስም በቅደም ተከተል ይዛችሁ ሂዱ። አንደኛው ተይዟል ብትባሉ ወረፋው ላይ ቆማችሁ አዲስ ስም አትፈጥሩም። ለብቻችሁ ኩባንያ ማቋቋም ከፈለጋችሁም በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ፈቅዷል። ያኔ ከስሙ በኋላ የሚመጣው ጭራ ስለሚረዝም ዋናው ቃል እንዲያጥር ተጨማሪ ምክንያት አላችሁ።

አንድ ነገር ላክል። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ሱቅ ተዘርፏል። ተዘግቶ የቆየ ሥራ እንደገና የምትከፍቱ ከሆነና የድሮው ስም በመልካም የሚነሳ ከሆነ፣ እባካችሁ አትቀይሩት። ዕቃው ቢሄድም ስሙ አልተዘረፈም። አሮጌው ደንበኛ የሚፈልጋችሁ በዚያው ነው።

7. ታፔላው

ስሙ ሲጸድቅ ወደ ታፔላ። ከዚያ በፊት ከተማ አስተዳደሩ ስለ መጠኑና ስለ አሰቃቀሉ የሚጠይቀው ነገር ካለ ጠይቁ። ስሙ ትልቅ፣ የሥራው ዓይነት መካከለኛ፣ ስልኩ ትንሽ ይሁን። አምስት ቀለም፣ ሦስት ዓይነት ፊደልና የሽሮ ፎቶ አንድ ላይ ከሆኑ ስሙ ይጠፋል። ክረምት ላይ ደሴ ጉም ሲወርድባት አስፋልቱ ማዶ ያለው ሰው ማንበብ መቻል አለበት። ስለዚህ ጠቆር ባለ መደብ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ጽሑፍ አሠሩ። ሠሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስሙን በእጃችሁ ጽፋችሁ ስጡት፤ በቃል ብቻ አትንገሩት።

የባንክና የቴሌብር ስማችሁንም እዩ። ደንበኛ ገንዘብ ስትልክ ስልኳ ላይ የሚመጣው ስም ታፔላው ላይ ካለው ከተለየ "የማን ነው?" ብላ ትቆማለች። ሒሳቡ በግል ስማችሁ ከሆነ ያንን ስም ክፍያ የሚፈጸምበት ቦታ ላይ ለጥፉት።

8. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ስልክ ስታነሱ "ሃሎ" ብቻ አትበሉ፤ "ሰፌድ ባልትና" በሉ። አቅራቢያችሁ ለሚቆሙት የባጃጅ ልጆች ቡና ጋብዙና ስሙን አስተዋውቋቸው። የምትቀጥሯት ልጅ ካለችም እንደዚያው ትለምድ።

መደርደሪያው ሥር አንድ ደብተር አስቀምጡ። አዲስ ሰው ሲገባ "ማን ነገረሽ? ማን ብላ ነገረችሽ?" ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጻፉ። አንዷ "ሰፌድ ብላኝ" ትላለች። ሌላዋ "ከፋርማሲው ጎን ያለችው ብላኝ" ትላለች። ስሙ የታተመበትን ከረጢትና ካርቶን በብዛት ለማዘዝ አትቸኩሉ፤ እስከዚያ ስቲከር ይበቃል። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ደብተሩን ገልጣችሁ ቁጠሩ። በስሙ የሚጠሯችሁ ከበዙ ከረጢቱን እዘዙ። "ከፋርማሲው ጎን" የሚሉት ከበዙ ግን ገንዘቡን መጀመሪያ ታፔላውን ከፍ አድርጎ ለማሰቀልና መብራት ለማስገባት አውሉት፤ ከዚያም ለሌላ ወር ጻፉ።